የጋራ ሐሳብ ዱላ ሲሆን

አኒሜ የምታዩ ከሆነ የ«ዋን ፒስ»ን ባንዲራ ታውቁታላችሁ፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ የራስ ቅል። በ2025 ኦገስት ላይ ይህ የካርቱን ባንዲራ ኢንዶኔዥያን ሲያነጋግር ከረመ። አገሪቱ የነጻነት በዓሏን የምታከብረው ኦገስት 17 ቀን ነው። በዓሉ ሲደርስ በየደጃፉ ቀይና ነጩ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። በዚያ ዓመት ግን ብዙ ወጣቶችና የጭነት መኪና ሾፌሮች የራስ ቅሉን ማውለብለብ ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ኢንዶኔዥያ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መልእክቱ የተወሳሰበ አልነበረም። ኑሮ ከብዶናል፣ የሚሰማን አጣን ነው። አንዳንድ ባለሥልጣናት ግን ነገሩን አገር ለመከፋፈል እንደተሸረበ ሴራ አዩት። ወሩ ሳያልቅ ጉዳዩ ከባንዲራም አለፈ። የፓርላማ አባላት በየወሩ 50 ሚሊዮን ሩፒያ የቤት አበል እንደሚከፈላቸው ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ይህ ገንዘብ የጃካርታን ዝቅተኛ ደመወዝ አሥር እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። በተቃውሞው መሀል አንድ የሞተር ታክሲ አሽከርካሪ ወጣት በፖሊስ ብረት ለበስ መኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ቁጣው በመላ አገሪቱ ተቀጣጠለ።

ስለ ኢንዶኔዥያ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ቃል ከፊቴ አይጠፋም፤ ፓንቻሲላ። መንግሥት «ሥርዓት ይከበር» ሲል የሚጠራው እሱን ነው። ተቃዋሚውም «ፍትሕ የት አለ?» ሲል የሚጠቅሰው እሱኑ ነው። አንድ ሐሳብ እንዴት የሁለቱም መሣሪያ ሊሆን ቻለ? ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ምክንያቱም እኛም አገር «የጋራ እሴት»፣ «አገራዊ መግባባት»፣ «የጋራ ትርክት» የሚሉ ቃላት በየቀኑ ጆሯችን ውስጥ አሉ። የጋራ ሐሳብ መኖሩ ጥሩ ነው እሺ፤ ግን የጋራ የሚሆነው እስከ መቼ ነው? ኢንዶኔዥያ ይህን ጥያቄ 80 ዓመት ኖራበታለች።

በመጀመሪያ አምስት ነገር ነበር

ጊዜው 1945 ነው። ደች (ሆላንዶች) ለዘመናት የገዟትን አገር ጃፓን በጦርነቱ ይዛታለች፤ ጃፓን ራሷ ደግሞ ልትሸነፍ ነው። የነጻነት ታጋዮቹ በአንድ ኮሚቴ ተሰብስበው «ነጻ የምትወጣው አገር በምን ላይ ትቁም?» ብለው ይከራከራሉ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎች። ከአሥር ሰው ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ሙስሊም ሲሆን፣ በምሥራቅ ያሉ ደሴቶች ግን በብዛት ክርስቲያን፣ ባሊ ደግሞ ሂንዱ ነው። አንዱ ወገን እስላማዊ መንግሥት ይሁን ይላል። ሌላው ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ይላል።

ጁን 1 ቀን ሱካርኖ ተነስቶ አምስት መርሆች አቀረበ። ስሙንም ከሳንስክሪት ወስዶ ፓንቻሲላ አለው፤ ፓንቻ አምስት፣ ሲላ መርሕ ማለት ነው። በኋላ በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ የሰፈረው ቅርጽ ባጭሩ ይኼ ነው። አንደኛ፣ በአንድ አምላክ ማመን። ሁለተኛ፣ ፍትሐዊና ሥልጡን ሰብአዊነት። ሦስተኛ፣ የኢንዶኔዥያ አንድነት። አራተኛ፣ በምክክርና በውክልና የሚመራ የሕዝብ ሥልጣን። አምስተኛ፣ ለመላው ሕዝብ ማኅበራዊ ፍትሕ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «አምላክ» ይላል እንጂ የማን አምላክ እንደሆነ አይናገርም። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ ሂንዱውም የራሱን ሊያነብበት ይችላል። ሰፊ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ሱካርኖ በዚያው ንግግሩ «አምስት ከበዛባችሁ ወደ ሦስት፣ ሦስትም ከበዛ ወደ አንድ ይጠቃለላል» የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር። ያ አንዱ ጎቶንግ ሮዮንግ ይባላል። በአማርኛ ሌላ ትርጉም መፈለግ አያስፈልግም፤ ደቦ ማለት ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በጉልበት የሚያግዝበት፣ ነገ ደግሞ የሚታገዝበት ሥራ።

የሰባቱ ቃላት ነገር

ይህ ደቦ ግን በነጻ አልመጣም። ከሱካርኖ ንግግር ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጁን 22 ቀን፣ ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት አነስተኛ ኮሚቴ የጃካርታ ቻርተር የሚባለውን ረቂቅ አወጣ። በእሱ ውስጥ የመጀመሪያው መርሕ ተጨማሪ ሐረግ ነበረው፤ ሙስሊሞች ሸሪዓን የመፈጸም ግዴታ አለባቸው የሚል። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ሰባት ቃላት ነው።

ኦገስት 17 ቀን ነጻነት ታወጀ። በማግስቱ ሕገ መንግሥቱ ሊጸድቅ ሲል በምሥራቅ ያሉ ክርስቲያኖች በሰባቱ ቃላት ቅር መሰኘታቸው፣ ምናልባትም ከአዲሲቱ አገር ጋር ለመቀጠል እንደሚቸገሩ ተሰማ። መሐመድ ሃታ፣ በኋላ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ከሙስሊም መሪዎች ጋር በአጭር ሰዓት ተመካከረ። መሪዎቹም ተስማሙ። ሰባቱ ቃላት ወጡ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ የቃላቱ መውጣት አይደለም፤ ያስወጣው ሰው ማንነት ነው። ብዙኃኑ ለአናሳው ሲል የራሱን ቃል ከወረቀት ላይ አነሳ። ማንም ጠመንጃ አልደገነበትም፤ ለምኖ፣ አስረድቶ፣ ተግባብቶ ነው። ቅሬታው አልጠፋም፤ ዛሬም ድረስ ተሸውደናል የሚሉ አሉ። በ1956 ሥራ የጀመረው የተመረጠ የሕገ መንግሥት ጉባኤም በዚህ ጥያቄ ላይ ለዓመታት ተከራክሯል። አንዱ ፓንቻሲላ ይሁን፣ ሌላው እስልምና ይሁን ሲል የትኛውም ወገን የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አላገኘም። ነገር ግን ክርክሩ ይካሄድ የነበረው በአዳራሽ ውስጥ፣ በድምፅ መስጫ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ለኛም ሩቅ ያልሆነ አንድ ቀን በዚያ ዘመን አለ። በ1955 አፕሪል ላይ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች በኢንዶኔዥያዋ ባንዱንግ ከተማ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። አዲስ ነጻ የወጣው ዓለም ኢንዶኔዥያን እንደ ምሳሌ ያያት ነበር። ይህን ሁሉ ሕዝብ ያለ አንድ ሃይማኖትና ያለ አንድ ጎሣ የበላይነት ያስቀመጠች አገር ተብላ።

ቃላቱ ሳይለወጡ ትርጉሙ ተቀማ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። አምስቱ መርሆች እስከ ዛሬ አልተቀየሩም። የተቀየረው «ትርጉሙን የምሰጠው እኔ ነኝ» የሚለው ሰው ነው።

በመጀመሪያ ሱካርኖ ራሱ። ጁላይ 5 ቀን 1959 በአዋጅ ጉባኤውን በትኖ የ1945ቱን ሕገ መንግሥት መለሰ። ክርክሩ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ።

ከዚያ 1965 መጣ። ሴፕቴምበር 30 ለኦክቶበር 1 አጥቢያ ስድስት ጄኔራሎችና አንድ መኮንን ተገደሉ። ሠራዊቱ ኮሚኒስት ፓርቲውን ተጠያቂ አደረገ። በተከታዮቹ ወራት ኮሚኒስት የተባሉ፣ የኮሚኒስት ዘመድ የተባሉ፣ አንዳንዴም ጎረቤት የጠላቸው ሰዎች በየመንደሩ ተጨፈጨፉ። የታሪክ ሰዎች በአብዛኛው የሚጠቅሱት ቁጥር ግማሽ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ነው። በዚህ መሀል ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ሱሃርቶ ኦክቶበር 1ን የፓንቻሲላ የማይደፈር ኃይል ቀን አድርጎ ሰየመው። እስቲ አስቡት። «ፍትሐዊና ሥልጡን ሰብአዊነት» የሚል መርሕ ያለው ሐሳብ በዚያ ሁሉ ሬሳ ማግስት ድል አድራጊ ተብሎ ተከበረ። መንግሥት የ1965ቱን ግፍ ከሌሎች ከባድ የመብት ጥሰቶች ጋር በፕሬዚዳንቱ አንደበት አምኖ መጸጸቱን የገለጸው በ2023 ጃንዋሪ ነው። ከ57 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በ1978 ደግሞ ነገሩ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ገባ። ፔ ኤምፓት (ፒ አራት) በሚል ምህጻር የሚታወቅ የፓንቻሲላ ሥልጠና ታወጀ። አምስቱ መርሆች ወደ 36 የሥነ ምግባር ነጥቦች ተመነዘሩ። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ኮርሱን መውሰድ አለበት። ሰርተፊኬት ይሰጣል። የደርግን የውይይት ክበብ ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ ልጆች ስሜቱ ይገባችኋል። ማንም የሚወያይበት የለም፤ ሁሉም ይቀመጣል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ምን ላይ እንደተደረሰ የሚያሳየው ግን የ1980 ክስተት ነው። ሃምሳ ታዋቂ ሰዎች፣ በመሀላቸው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሐመድ ናትሲር፣ ጄኔራል ናሱቲዮንና የጃካርታ ገዥ የነበረው አሊ ሳዲኪን ያሉበት፣ አንድ አቤቱታ ፈረሙ። ያሉት ነገር ባጭሩ፣ ፕሬዚዳንቱ እሱን መተቸትና ፓንቻሲላን መተቸት አንድ አድርጎታል ነው። አቤቱታው ፓንቻሲላን አልተቃወመም። እንደውም ፓንቻሲላ ከአንድ ሰው ይበልጣል የሚል ነበር። መልሱ ምን ሆነ? ፈራሚዎቹ ወደ ውጭ እንዳይጓዙ ተከለከሉ፤ ጋዜጦችም ስለነሱ እንዳይጽፉ ተደረገ።

በ1985 ሕግ ወጣ። ማንኛውም ፓርቲ፣ ማንኛውም ማኅበር፣ የሃይማኖት ድርጅትም ቢሆን ብቸኛ መሠረቴ ፓንቻሲላ ነው ብሎ በመተዳደሪያ ደንቡ መጻፍ አለበት። አስቀድሞ ነገሩን በመቃወም ከተነሳው ግርግር አንዱ በሴፕቴምበር 12 ቀን 1984 በጃካርታ ወደብ አካባቢ በታንጁንግ ፕሪዮክ የሆነው ነው፤ ወታደሮች በሙስሊም ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው ብዙ ሰው ተገደለ። በዚያው ወር እኛ ዘንድ ኢሠፓ በታላቅ ድግስ ይመሠረት ነበር። ሁለቱ አገሮች በርዕዮተ ዓለም ተቃራኒ ነበሩ፤ አንዱ ፀረ ኮሚኒስት፣ ሌላው ኮሚኒስት። አሠራራቸው ግን የአንድ እናት ልጆች ያስመስላቸዋል።

በሕግ አምላክ!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ብዙ ሰው የመሥራች ርዕዮተ ዓለም ጥሩነት ወይም ክፋት በይዘቱ ይለካል። ሶሻሊዝም ነው? ብሔርተኝነት ነው? ሃይማኖት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ተራው ሰው ያንን ሐሳብ አንስቶ ባለሥልጣኑን ሊያስቆምበት ይችላል ወይ?

አያቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ድሮ መንገድ ላይ ጉልበተኛ ሲያንገላታህ «በሕግ አምላክ!» ካልከው መቆም ነበረበት። የቃሉ ጉልበት የመጣው ማንም ሊለው ስለሚችል ነው። ድሀው ለሀብታሙ፣ ሴቷ ለወንዱ፣ መንገደኛው ለባላባቱ። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር አልልም። ግን «በሕግ አምላክ» ማለት የሚችለው ዳኛው ብቻ ነው የሚል ሕግ ቢወጣ ኖሮ ቃሉ በዚያው ቀን ይሞት ነበር።

ፓንቻሲላም የሞተው እንዲህ ነው፤ የተነሳውም እንዲህ ነው። በ1998 ሜይ ወር ተማሪዎች ፓርላማውን ከበው ሱሃርቶ ሲወርድ ብዙ ሰው ፓንቻሲላም አብሮ የሚወድቅ መስሎት ነበር። አልወደቀም። በዚያው ዓመት የሕዝብ ምክር ጉባኤው የፔ ኤምፓት ሥልጠናን ሻረ፤ ፓንቻሲላን ግን የመንግሥት መሠረት አድርጎ አስቀጠለ። ከ1999 እስከ 2002 ሕገ መንግሥቱ አራት ጊዜ ሲሻሻል ፓርቲዎቹ መግቢያው እንዳይነካ ተስማሙ። አንዳንድ ፓርቲዎች እነዚያን ሰባት ቃላት ለመመለስ ሞከሩ። ትልልቆቹ የሙስሊም ማኅበራት፣ ናህድላቱል ኡለማና ሙሐመዲያ፣ አልደገፉትም። ክርክሩ እንደገና በአዳራሽ ውስጥ ተካሄደ፤ እዚያውም አለቀ። ሕዝቡ የጣለው ሐሳቡን ሳይሆን የሐሳቡን ሞኖፖል ነው።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተቻለ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የኢንዶኔዥያ መታወቂያ ላይ ሃይማኖት የሚል መስመር አለ። መንግሥት በተግባር የሚያውቃቸው ስድስት ሃይማኖቶች ናቸው፤ እስልምና፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ ሂንዱ፣ ቡድሂዝምና ኮንፊሽየስ። ከጥንት የመጣ የአያቶቻቸውን እምነት የሚከተሉ ሰዎች መስመሩን ባዶ ይተዉት ነበር፣ ወይም የማያምኑበትን ይጽፉ ነበር። ባዶ መስመር ያለው መታወቂያ ይዞ ሥራ መቀጠር፣ ጋብቻ ማስመዝገብ፣ ብድር መጠየቅ ፈተና ነበር። የተወሰኑት ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዱ። ኖቬምበር 7 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ እምነታቸው መታወቂያው ላይ የመጻፍ መብት አለው ብሎ ፈረደላቸው። «በአንድ አምላክ ማመን» በሚል መርሕ የቆመች አገር፣ መርሑ የሁሉም እንጂ የስድስቱ ብቻ እንዳልሆነ በዳኛ አፍ ተናገረች። የመታወቂያ መስመር ነገር ለኛ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ብሔር የሚጻፍበትን የቀበሌ መታወቂያ የያዘ ሁሉ አንድ መስመር ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያውቃል።

ዱላው ግን አልተጣለም

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

በዚያው በ2017 ሜይ ላይ የጃካርታ ገዥ የነበረው፣ ክርስቲያንና የቻይና ዝርያ ያለው ባሱኪ ጃሃያ ፑርናማ፣ በቅጽል ስሙ አሆክ፣ ሃይማኖት ሰድቧል ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። የተከሰሰበት አንቀጽ ሥሩ በ1965 ዓመት ከወጣ ሕግ ነው፤ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ2010 ሕጉ ይጽና ብሏል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው መርሕ ለአናሳው ጋሻ አልሆነም።

ሁለት ወር ቆይቶ መንግሥት የማኅበራትን ሕግ በአስቸኳይ ደንብ ቀየረ። ከዚያ በፊት አንድን ማኅበር ለመበተን ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነበር። አዲሱ ደንብ መንግሥት ፀረ ፓንቻሲላ ነው ያለውን ማኅበር በራሱ ውሳኔ እንዲበትን ፈቀደ። ወዲያውም ኺላፋ ይቋቋም የሚለው ሂዝቡት ታህሪር ተበተነ። እዚህ ላይ የመንግሥት ደጋፊዎች የሚሉትን በቅንነት እናድምጥ። «ይህ ድርጅት ዕድል ቢያገኝ ለሌላው ዕድል የሚሰጥ አይደለም፤ አገሪቱ የቆመችበትን መሠረት የሚንድን ሰው ዝም ብላችሁ እዩ ትሉናላችሁ?» ነው የሚሉት። ክብደት ያለው ክርክር ነው። እኔም ኺላፋ የሚሉትን ለመደገፍ አልተነሳሁም። ጥያቄዬ ስለ ዳኛው ነው። ያ ድርጅት አደገኛ ከሆነ ማስረጃው ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን ነበረበት? ዛሬ ለማትወደው ማኅበር ያዘጋጀኸው አቋራጭ መንገድ ነገ ለምትወደውም ክፍት ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። በ2021 የኢንዶኔዥያ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ሠራተኞች ወደ መደበኛ የመንግሥት ሠራተኛነት ሲዛወሩ የአገር ፍቅርና የፓንቻሲላ ታማኝነት ፈተና ተፈተኑ። ከ1,351 ሠራተኞች 75ቱ ወደቁ። ከወደቁት አንዱ ኖቬል ባስዌዳን ነበር፤ በሙስና ምርመራው ምክንያት በ2017 ፊቱ ላይ አሲድ ተደፍቶበት አንድ ዓይኑን ክፉኛ የተጎዳ መርማሪ። እንደተዘገበው ለአንዳንዶቹ ከቀረቡት ጥያቄዎች መሀል ለምን እስካሁን አላገባሽም የሚልና ከቁርኣንና ከፓንቻሲላ የቱን ትመርጣለህ የሚል ይገኝበታል። የአገሪቱ እንባ ጠባቂና የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ሂደቱ ችግር አለበት ቢሉም ከ50 በላይ ሠራተኞች በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ከሥራ ተሰናበቱ።

አያችሁ ነገሩን? ፓንቻሲላ አምስተኛ መርሑ ማኅበራዊ ፍትሕ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ሌባ የሚያሳድድ ሰው ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ፓንቻሲላን ይኑረው? ፈተናው ግን ሥራውን አልጠየቀም፤ ልቡን ነው የጠየቀው። ልብ ደግሞ ማንም ሊያነበው ስለማይችል፣ ፈታኙ ያሻውን ሊያነብበት ይችላል።

አዲሱ የወንጀል ሕግ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ፓርላማው በ2022 ዲሴምበር ያጸደቀው ይህ ሕግ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ጃንዋሪ 2 ቀን 2026 ተብሎ ተቆርጦለታል። ኮሚኒዝምን ወይም ከፓንቻሲላ ጋር የሚጋጭ ሌላ አስተሳሰብን በአደባባይ ማስፋፋት እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። ለሳይንስ የሚደረግ ጥናት አያስቀጣም ይላል፤ ደህና። ኮሚኒዝም ምን እንደሆነ መጽሐፍ አለው። «ከፓንቻሲላ ጋር የሚጋጭ ሌላ አስተሳሰብ» ግን ምን ማለት ነው? ማን ነው የሚወስነው? አምስቱ መርሆች ሆን ተብለው ሰፊ እንደተደረጉ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ያ ስፋት ለስምምነት ሲሆን በረከት ነው። ያው ስፋት ወደ ወንጀል ሕግ ሲገባ ግን ወጥመድ ይሆናል፤ ምክንያቱም ድንበሩ የት እንደሆነ የምታውቀው ከታሰርክ በኋላ ነው።

እኛስ?

ኢትዮጵያ ኢንዶኔዥያ አይደለችም። ታሪካችን ሌላ ነው፣ ቁስላችንም ሌላ ነው። ግን መፈክርን በሕግ ማስከበር ለኛ አዲስ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ያወረደው አዋጅ ቁጥር 1 «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን መፈክር ዓላማ መቃወምን ከሥራ ማቆምና ከሰልፍ ጋር አብሮ ከልክሏል። ኢትዮጵያ ትቅደም የሚለውን ማን ይጠላል? ሐሳቡ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ መፈክር ስም የሆነውን ግን ከኔ ይልቅ ቤታችሁ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ይንገሯችሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በሌላ መሥራች ሐሳብ ቆሟል። የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። ይህን የምትወዱት አላችሁ፤ የምትጠሉትም አላችሁ። ዛሬ ላስታርቃችሁ አልሞክርም። ሁለታችሁንም የሚመለከት አንድ ነጥብ ግን አለ። ያንን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አጣሪ ጉባኤ ያማክረዋል፣ የመጨረሻው ቃል ግን የምክር ቤቱ ነው። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም የመጨረሻውን ትርጉም የሰጠው እሱ ነበር። ደጋፊዎቹ «ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚውም የነሱ ተወካይ መሆን አለበት» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ «ፖለቲከኛ በፖለቲከኛ ጉዳይ ላይ እንዴት ዳኛ ይሆናል?» ይላሉ። የኢንዶኔዥያን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። የዚያች አገር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፍጹም አይደለም፤ የስድብ ሕጉን አጽንቷል። ነገር ግን በአያቶቹ እምነት የሚኖር አንድ ገበሬ መታወቂያውን ይዞ የሚሄድበት በር ሆኖለታል።

በ2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲሰበስብ ቆይቷል። ከምክክሩ የጋራ እሴት፣ የጋራ መርሕ የሚባል ነገር ሊወጣ ይችላል። ይውጣ። አገር ያለ አንዳች የጋራ ሐሳብ አይቆምም፤ ሱካርኖም ሃታም የተረዱት ይህንን ነው። እናንተ ግን ወረቀቱ ሲወጣ መጀመሪያ የምታነቡት ምን እንደሚል ብቻ አይሁን። ሦስት ነገር ጠይቁበት። አንደኛ፣ ትርጉሙ ሲያከራክር ማን ይፈርዳል? ሁለተኛ፣ ይህን መርሕ ይዤ መንግሥትን መክሰስ እችላለሁ ወይስ መንግሥት ብቻ ነው እኔን የሚከስበት? ሦስተኛ፣ አልስማማም ብል ሥራዬን አጣለሁ ወይ?

ሦስተኛውን አትናቁት። የጋራ ሐሳብ መበላሸት የሚጀምረው ሰው ስለተቃወመው አይደለም፤ ሰው ሳያምንበት ሰርተፊኬት ለማግኘት ሲል መሐላ መፈጸም ሲጀምር ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ያ ኮርስ ተሰጠ። ሚሊዮኖች ወሰዱት። ሥርዓቱ ሲወድቅ ከሠለጠኑት ሁሉ ለሥርዓቱ የቆመለት ስንት ነው?

በ2025 የራስ ቅል ባንዲራ ያውለበለቡት ልጆች ፓንቻሲላን የጠሉ አይመስለኝም። የቤት አበሉን ነገር ሲሰሙ የተናደዱት አምስተኛው መርሕ ስለገባቸው ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ በቃል ይዘውታል፤ «ለመላው ሕዝብ ማኅበራዊ ፍትሕ» ይላል፣ ለፓርላማ አባላት ብቻ አይልም። በራሳቸው ቋንቋ፣ ከስልካቸው በተማሩት ምልክት፣ በሕግ አምላክ እያሉ ነበር። ባለሥልጣናቱ መቆም ሲገባቸው የጨርቁን ቀለም መመርመር ያዙ።